የመርየም ፊት በአምስት ቁጥር

ኒቆዲሞስ ተክለጻድቅ ሲስቅ የሚስቀው ትከሻው ነው፤ ድምፅ የለውም። ከሸዋ በር ወደ አዲሱ ከተማ ስትወጡ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ትንሽ አለፍ ብላ ያለችው ጠባብ ፎቶ ቤት የእሱ ናት። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ አምስቱን «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» እያለ አሳልፏል። ለጉርድ ፎቶ የገባ ሁሉ ጨዋታ ሳይሰማ አይወጣም። ከሶፊ ገጠር የመጣ አንድ ገበሬ ፎቶውን ገልብጦ ገልብጦ አይቶ «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ታላቅ ወንድሜ ነው» ቢለው፣ «እንግዲያው ፓስፖርቱም ለእሱ ይሁን፣ አንተ ጫትህን ትከል» ብሎት ሁለቱም እንባ እስኪያወጡ ስቀዋል።

ሰሞኑን ግን ያ ትከሻ ጸጥ ብሏል። ምክንያቱን ቁጭ ብሎ ሲያጫውተኝ ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቱ ነው። አቶ ተክለጻድቅ ባለሦስት እግር ካሜራቸውን ተሸክመው ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ፎቶ የሚያነሱ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴቶቹ ፎቶ ቤት አይመጡም፤ ስለዚህ ፎቶ ቤቱ ወደ ሴቶቹ ሄደ። ባል ወይም ወንድም ከካሜራው አጠገብ ይቆማል፣ ሙሽራዋ ትነሳለች፣ አለቀ። የሴቶቹ ኔጋቲቭ በየቤተሰቡ ስም በካርቶን ተለይቶ ይቀመጣል፤ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ማንም አያየውም። «አማና ነው» ይሉ ነበር አቶ ተክለጻድቅ፣ ክርስቲያን ሆነው ሳለ አደራን በሙስሊሞቹ ቃል እየጠሩ።

እሳቸው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ፣ አርባቸው ከወጣ በኋላ ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ለቅሶ ደርሰው፣ ሻይ ጠጥተው፣ «ልጃችን፣ አደራው በአባትህ ነበር። የሴቶቻችንን ብትመልስልን» ይላሉ። ኒቆዲሞስ አልተከፋም። እንዲያውም አኮራው። አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፦ «ከመመለሴ በፊት በኮምፒውተር ላስቀረው፤ ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም። ቢጠፋባችሁ ከእኔ ይገኛል።» አንዳንዱ እምቢ አለ፣ አብዛኛው እሺ አለ።

ከአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ኔጋቲቭ የሚያነብ ያገለገለ ስካነር ገዝቶ ሥራውን ጀመረ። ማሽኑ እያንዳንዱን ኔጋቲቭ ከማንበቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ስምንት ቢት ይሁን አሥራ ስድስት? ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ጥቁርና ነጭ ፎቶን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ስምንት ቢት ካላችሁት ከድፍን ጥቁር እስከ ድፍን ነጭ ድረስ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ደረጃ ይሰጣችኋል። አሥራ ስድስት ካላችሁት ከስድሳ አምስት ሺህ በላይ። ኒቆዲሞስ አንዱን ኔጋቲቭ በሁለቱም ሞከረው። በስክሪን አየው፤ ልዩነት የለም። አትሞ አየው፤ ልዩነት የለም። አሥራ ስድስቱ ግን ሁለት እጥፍ ቦታ ይበላል፣ ዲስኩ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ሰዎቹም በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ስምንት አለ። ከሦስት ሺህ በላይ ኔጋቲቭ፣ ሁሉንም ስምንት። እያነበበ፣ እየጠቀለለ፣ በእጃቸው እያስረከበ፣ እየተመረቀ ሸኛቸው።

«ትክክል ነበርኩ እኮ» ይላል አሁንም፣ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ። «ብርሃኑ ልክ ለሆነ ፎቶ፣ ሳትነካካው ለምታትመው፣ ስምንት ይበቃል። ማተሚያውም ቢሆን ከዚያ በላይ አይጠይቅህም። ግን ከጨለማ ውስጥ ሰው ማውጣት የምትፈልግ ቀን…»

ያ ቀን ባለፈው ኅዳር መጣ። ሐጂ አብዱልፈታ ናቸው የመጡት፤ በጀጎል የታወቁ፣ ዕድሜያቸውን ቡና ሲያስመዝኑ የኖሩ፣ አሁን ንግዱን የተዉ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው። ልጃቸው ኢክራም ክንዳቸውን ይዛ ነበር፤ አስተማሪ ናት።

«አንተ ኒቆ፣ አለህ?»

«አለሁ ሐጂ፣ ይግቡ። ደግሞ ለሁለተኛ ኒካሕ ፎቶ ሊነሱ እንዳይሆን የመጡት!»

«አስተግፊሩላህ! አንዷንም አልቻልኳት።»

ተቀመጡ። ሳቁ ሲያልቅ ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሳይቆሽሽ።

«ሐኪሙ ግራው ዓይን አልቋል ብሎኛል። ቀኙም ብዙ አይቆይም አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ አይቼበታለሁ። አንድ ነገር ነው የቀረኝ።»

«ምን ሐጂ?»

«እናቴ።»

እናታቸው መርየም እሳቸውን ወልዳ በሰባተኛው ቀን ነው የሞተችው። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ተነስታለች፤ ለሙሽርነቷ፣ በአቶ ተክለጻድቅ ካሜራ። ባሏ አጠገብ ቆሞ እንኳ በባዕድ ወንድ ፊት ወደ ፀሐይ አልወጣም አለች። ከቤቷ በር ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ ብላ ቆመች። ፀሐዩ ቀሚሷንና እጇን አገኘ፣ ፊቷ በጥላ ውስጥ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ከአንገቷ በላይ ድፍን ጥቁር ነበር። ያ ወረቀትም ቢሆን ጣሪያ ባፈሰሰበት ክረምት ሄዷል።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ቀሚሷን አውቀዋለሁ» አሉ ሐጂ። «እጇን አውቀዋለሁ። ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። ሐረሪ እናቱን ‹አይ› ብሎ ይጠራል፤ እኔ ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም። አባትህ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመው ‹ፊቷ ኔጋቲቩ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ነው የደበቃት፤ ስትፈልግ ና፣ አወጣልሃለሁ› ብለውኝ ነበር። ወጣት ነበርኩ። ነገ ዛሬ ስል አባትህም ሄዱ። አንተ ዘንድ አለች አይደል?»

«አለች!» አለ ኒቆዲሞስ፤ ደስ ብሎት ነው ያለው። አባቱ በጨለማ ክፍሉ እጃቸውን በብርሃኑ መሃል እያወዛወዙ የጠቆረ ፊት ሲያወጡ እያየ ነው ያደገው። እሱ ደግሞ ያንኑ በኮምፒውተር በደቂቃ ይሠራዋል። ፋይሉን ከፈተ። በር፣ ቀሚስ፣ እጅ። ብርሃን የሚጨምርበትን መስመር ይዞ ወደ ላይ ጎተተው።

ጥቁሩ ተከፈተ። የወጣው ግን ፊት አልነበረም። ጠርዛቸው የተቆረጠ አምስት ግራጫ ንጣፎች፣ ልክ ካርታ ላይ እንደ ተሳሉ አገሮች፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ታዩ። አፍንጫ መሆን በሚገባው ቦታ ጥግ ያለው ጠጠር የመሰለ ነገር፣ ዓይን መሆን በሚገባው ቦታ ጠፍጣፋ።

«ይቺ ናት?» አሉ ሐጂ፣ ስክሪኑን በአፍንጫቸው ሊነኩት ተጠግተው።

«ቆይ ሐጂ፣ ማሽኑ ነው።»

ማሽኑ አልነበረም። የማውሱን ቀስት በፊቷ ላይ እያንቀሳቀሰ ቁጥሩን አነበበ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ቅንድቧ፣ ከንፈሯ፣ ጉንጯ፣ ሁሉም በአምስት ቁጥር ብቻ ተከፍሎ ነበር የተቀመጠው። ያንን ኔጋቲቭ በአሥራ ስድስት ቢት አንብቦት ቢሆን፣ እዚያው አምስት ቁጥር ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ደረጃ ይገባ ነበር። ፋይሉን ወደ አሥራ ስድስት ቀየረው፤ እንደማይረዳ እያወቀ። ዕቃውን ብታሰፉት ውኃው አይጨምርም።

ለእኚህ ሰው ምን ብሎ ያስረዳቸው?

«ሐጂ፣ እርስዎ የሚዛን ሰው ነዎት» አለ በመጨረሻ። «የቡና ሚዛን፣ ኩንታል የሚመዝነው ትልቁ፣ ግራም ይቆጥራል?»

«ግራም? ኪሎም በግድ ነው።»

«ለቡና ይበቃል?»

«ይበቃል እንጂ።»

«የሙሽራ የጆሮ ወርቅ ቢያስቀምጡበትስ?»

«አይንቀሳቀስም።»

«እኔ ይህን ሁሉ ፎቶ ያነበብኩት በቡና ሚዛን ነው። ቀሚሷ ከባድ ነው፣ ፀሐይ አለበት፤ በደንብ ተመዝኗል። ፊቷ ግን…»

ሐጂ አብዱልፈታ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«የእናቴን ፊት በቡና ሚዛን መዘንከው» አሉ።

ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር ይላል ኒቆዲሞስ።

«ኔጋቲቩን ያምጡልኝ» አለ ቶሎ ብሎ። «ሐጂ፣ ኔጋቲቩ ካለ ሁሉም አለ። ዛሬ ጥሩ ስካነር አለኝ፣ በአሥራ ስድስት አነበዋለሁ፣ ትወጣለች። በእጅዎ አይደል ያስረከብኩዎት?»

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኢክራም አንገቷን ደፋች።

ያን ጊዜ፣ ሐጂ ኔጋቲቩን ተረክበው እቤት ሲገቡ፣ ያሳደገቻቸው አክስታቸው ናፊያ ገና በሕይወት ነበረች። ወደ መስኮት ይዛ አየችው። ኔጋቲቭ እንደምታውቁት ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ የበሩ ጥላ ነጭ፣ ፀሐዩ ጥቁር፣ እጇ እንደ ከሰል። አክስቲቱ ደነገጠች። «ቢስሚላህ! ይቺ መርየም አይደለችም፣ ጥላዋ ናት» አለች። ደግሞም የሴት ልጅ ምስል የትም አይጣልም፣ አይቃጠልም። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ከተው፣ እናቲቱ መቃብር ራስጌ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቀበሩት። ዱዓም ተደረገ። በዚያ ቀን ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ እናታቸውን በክብር የሸኙ መስሏቸው ልባቸው ቀልሎ ነበር የተመለሱት።

«ፋይሉ ከአንተ ጋር አለ ብዬ» አሉ። «ቢጠፋባችሁ ከእኔ ይገኛል አላልክም?»

«ብያለሁ ሐጂ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ጠየቁ፣ አስጠየቁ። ሼኹ፣ ቀብሩ ራሱ ካልተነካ፣ ድንጋዩ አጠገብ ያለውን አፈር መክፈት ይቻላል አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከግንቡ ውጭ ወዳለው መካነ መቃብር ሄዱ። ሐጂ ቆመው ያሳያሉ፣ ኢክራም ክንዳቸውን ይዛለች፣ የሚቆፍረው ኒቆዲሞስ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብሎ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ዶማው ብረት ነካ።

«አለች!» አሉ ሐጂ። «ያ ረቢ፣ አለች!»

ቆርቆሮው በዝገት ወንፊት ሆኗል። የዐሥራ አምስት ክረምት ውኃ ገብቶ ወጥቶበታል። ጨርቁ ጭቃ ነው። ኒቆዲሞስ ከጭቃው ውስጥ ፊልሙን በሁለት ጣቱ ፈልጎ አገኘው፣ በያዘው ውኃ ቀስ ብሎ አጠበው፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ከርጥበቱ ጋር ሄዷል። በአንደኛው ጠርዝ የበሩ ጉበን የመሰለ ጥቁር መስመር አለ፣ የጥፍር ያህል። የቀረው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው።

«ምን ታያለህ?» አሉ ሐጂ።

«ሰማዩን ነው የማየው፣ ሐጂ።»

እሳቸውም በእጃቸው ተቀብለው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ለኢክራም ሰጧት። ኢክራም ምን ታድርገው? በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ኒቆዲሞስ ሦስት ሳምንት ከዚያች ፋይል ጋር ኖረ። ደረጃዎቹን ለማለስለስ የፊልም ፍርፋሪ የሚመስል ነጠብጣብ ጨመረባት፤ ጠርዙ ሲለሰልስ ፊቱም አብሮ ሟሟ። ብርሃኑን በጥቂቱ፣ በጥቂቱ አነሳው። ሲያርቀው ሴት ትመስላለች፤ ሲያቀርበው ጭጋግ። ባለቤቱ «ምሳህ ቀዘቀዘ» ብላ ስትደውል «ልጨርስ ነው» ይላል፤ የሚጨርሰው ግን የለውም። በአንድ በኩል እርሳስ አንስቶ ቅንድብ ሊስልላት ያምረዋል፤ አባቱ ለሙሽሮች ያደርጉት ነበር። ግን የማንን ቅንድብ? የሌላትን ቅንድብ ሰጥቶ «እነሆ እናትዎ» ሊላቸው ነው? መሳሉን ተወው።

በመጨረሻ በማያብረቀርቅ ጥሩ ወረቀት አተማት። በሩ ያምራል፣ የቀሚሱ እጥፋት ይቆጠራል፣ እጆቿ ሕያው ናቸው። ከአንገት በላይ ለስላሳ ድንግዝግዝ።

ሐጂ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ወጡ። እያጋደሉ አዩት።

«ኒቆ» አሉ፣ «ይሄ ያው ነው።»

«ያው ነው፣ ሐጂ።»

«እንግዲህ አላህ ያላለው አይሆንም።» ወረቀቱን ጠቅልለው ወሰዱ። ባጃጁ ላይ ሲወጡ እግራቸው መርገጫውን ሳተ፤ ኒቆዲሞስ ሮጦ ደገፋቸው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ኀዘን ብቻ ነበር፤ ኀዘን ደግሞ ይለመዳል።

ከወር በኋላ ሐጂ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው የሠርግ ድምፅ ነው። «ጁምዓ ከሶላት በኋላ እቤት ና። ሰበብ አልቀበልም!»

ሄደ። ሐረሪ ቤት እንደሚደረገው ጫማውን አውልቆ ነደባ በሚሉት ከፍ ባለው መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ምሳ ቀረበ። ሐጂ ግን አላስበሉትም። ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ በእጃቸው አመለከቱ። ወርቃማ ፍሬም። በሩ ያው በር ነው፣ ቀሚሱ ያው ቀሚስ። ከአንገት በላይ አንዲት ልጅ ትስቃለች።

«ይቺውልህ!» አሉ። «ኢክራም ናት ያወጣቻት። ከአንተው ፋይል! በስልኳ! አንተ የለችም ስትል ነበረች እኮ! ማሻአላህ በል እንጂ።»

ኒቆዲሞስ አየ። አርባ አምስት ዓመት ፊት ያየ ሰው ነው፤ ለማወቅ አንድ እይታ በቃው። ቅንድቡ በዛሬ ዘመን አቀራረጽ የተቀረጸ ነው። ቆዳው እንደ ሸክላ ሳህን፣ አንድ ቀዳዳ የለውም። የበሩ ፀሐይ ከግራ ይመጣል፣ የፊቷ ብርሃን ከቀኝ። ይቺ ልጅ በምድር ላይ ኖራ አታውቅም።

ኢክራም ሳህን ይዛ ከአባቷ ጀርባ ቆማለች። ዓይኗ በኒቆዲሞስ ላይ ተተክሏል።

«በቀኝ ዓይኔ፣ ወደዚህ ስጠጋ ጥሩ አድርጌ አያታለሁ» አሉ ሐጂ፣ ተነስተው ወደ ፍሬሙ እየተጠጉ። «ጠዋት ጠዋት ‹አይ፣ ሰላም አደርሽ?› እላታለሁ። ሰው እብድ ነው ይለኛል። እስቲ አንተ የፎቶ ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኔን አትመስልም?»

ኒቆዲሞስ አፉን ከፈተ።

«ትመስላለች» አለ። «አገጩ… አገጩ የእርስዎ ነው።»

«አላልኩሽም?» አሉ ሐጂ ለልጃቸው። «አገጩ!»

ሲወጣ ኢክራም እስከ ውጭው በር ሸኘችው። በጠባቡ መንገድ ሰው እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ጋሽ ኒቆ፣ የጨለመ ፎቶ ያበራል የሚል ፕሮግራም ስልኬ ላይ አለ። ለሙከራ ሰጠሁት፣ ይቺን ሰጠኝ።»

«ያላየውን ፊት ከየት አመጣው?»

«ከሌሎች ሴቶች ፊት።» ከንፈሯን ነከሰች። «አባቴ ከኋላዬ መጥተው አዩብኝ። ‹ይቺ ናት?› አሉ። አይደለችም ልል ነበር። አለቀሱ ጋሽ ኒቆ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አለ።

እሱም ለማንም ሳይናገር ያንን ቤት ረስቶ መኖር በቻለ ነበር። ግን ሐጂ አንድ ነገር ለምነውታል፤ ሊወጣ ጫማውን ሲያደርግ ትንሽ ፍላሽ እጁ ላይ አስጨብጠውታል። ዘጠኝ የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንዲያትምላቸው ይፈልጋሉ። «በስልክ ቤት አላሠራም። የአባትህ ሥራ ናት፣ ከእናንተ ቤት ትውጣ። ዓይኔ ሳይዘጋ በእጄ ላድላቸው።»

ኒቆዲሞስ ፍላሹን አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቷል። ፊቱ ለስላሳ ነው፣ አንድም የተሰበረ ደረጃ የለበትም። ቢያትመው በደቂቃዎች ያልቃል። ካተመው ግን ዘጠኝ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ልጆች ያቺን ያልኖረች ልጅ ቅድመ አያት ብለው ያድጋሉ፤ እውነተኛዋ መርየም፣ ያቺ አምስት ቁጥር እንኳ፣ ለማንም አታስፈልግም። ካላተመው ደግሞ ለምን እንዳላተመ መናገር አለበት፤ አንድ የቀረቻቸው ዓይን እየጠፋችባቸው ላሉ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ፎቶውን ሰላም ለሚሉ ሰው።

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

ሐጂ በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። የማተሚያው ቀለም ከአዲስ አበባ አልመጣም እያለ ሦስት ሳምንት አቆይቷቸዋል። ቀለሙ ከመጣ ቆይቷል፤ ካርቶኑ ተከፍቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ይህን እየነገረኝ ሳለ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ስሙን አየና ትንሽ አስጮኸው። ከዚያ አነሳው።

«አቤት ሐጂ» አለ። «ቀለሙ አልመጣም ሐጂ። ነገ ነው ያሉኝ።»